የኋላ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ለታናሽ ወንድሜ ለክብሮም፤ ጎንደር።

እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ መሠረት፣ መንትዮቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? ክረምቱ በወጉ ወጣ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስኳሬ በኪኒን አደብ ገዝቷል፤ ዓይኔ ብቻ ደቃቅ ጽሑፍ አላይም ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የጎረቤቴ ልጅ መሲ ናት። በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ የሚባል ነገር ስላልሆነ ነው። ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያን የሥዕል መጽሐፍ ታስታውሰዋለህ? አሜሪካዊው የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ትቶልኝ የሄደውን፣ ጭምብል ያጠለቀ በራሪ ጀግና ሰላዮችን የሚያሳድድበትን። ከጓደኞቼ ያልተዋሰው አልነበረም። እኔም እንዳይጠፋብኝ የተዋሰውን ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ በኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ እመዘግብ ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። በሰኔ 1970 ከደርግ ወደ ሱዳን ስሸሽ መጽሐፉ አንተ ዘንድ ቀረ። በዚያው ክረምት ከዘጠኙ ሦስቱ ታሰሩ። አንተ በመንገደኛ እጅ «መጽሐፎችህን አቃጥያቸዋለሁ» ብለህ ላክህልኝ።

ባለፈው ወር እዚህ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሱቅ ያለው አምጀድ የሚባል ሰው አስጠራኝ። የቆዩ የሥዕል መጽሐፎችን እየገዛ በኢንተርኔት ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። «ኡስታዝ፣ የእናንተን ፊደል አንብብልኝ» አለና ከላስቲክ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ጓንት አጥልቆ አወጣ። ለልጆች መጽሐፍ ጓንት የሚያጠልቅ ሰው አላምንም። ሲገልጠው ግን በገዛ እጄ ጽሕፈት «ሰይፈሚካኤል፣ 1966» የሚለውን አየሁ።

የተቃጠለ መጽሐፍ ካርቱም አይገባም፣ ክብሮም።

የእኔ ነው ስለው ሳቀብኝ። «ወላሂ፣ ዋጋውን ሰምተህ ነው ያንተ የሆነው?» አለ። መጽሐፉን ሳልነካ፣ አሥራ ሰባተኛው ገጽ ላይ የጀግናው ግራ እግር ቀለም ፈስሶበታል አልኩት። ገልጦ አየና መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋልኝ። ከዚያ ወደ ኋላ አገላበጥኩት። የኋላ ሽፋኑ የለም፤ ከሥሩ በምላጭ ተቆርጧል። አምጀድ የሚያዝነው ሰብሳቢዎች የጎደለ መጽሐፍ ስለማይወዱ ነው። እኔ ግን ያንን ብቻ ለይቶ የቆረጠ ሰው ምን እንደተጻፈበት ያውቃል ብዬ አሰብኩ።

አልደብቅህም፤ ቆርጠህ ለቀበሌ የሰጠኸው አንተ ነህ አልኩ። ይህን ያልኩት ደግሞ ያን ቀን ብቻ አይደለም። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጤናህን ስጠይቅ ከሥሩ ይህ ነበረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ አገሬ ያልገባሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ከማን ገዛኸው ብዬ አምጀድን መቆሚያ መቀመጫ ነሳሁት። ሲሰለቸው ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለች ዛሂራ የምትባል ሴት ጠቆመኝ። በርክሻ፣ በእናንተው ባጃጅ፣ ሄድኩ። መታወቂያ የምመረምር መስሏት በሩን በግማሽ ይዛ አነጋገረችኝ። አባቷ ሱዳናዊ ነው፤ እናቷ ግን ከአጥራችን ጀርባ የነበሩት ሰዎች ልጅ፣ ራሔል ናት። ራሔል ዓምና አርፋለች፤ ነፍስ ይማር። ዛሂራ በተሰባበረ አማርኛዋ እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። ያ ልጅ የሽፋኑን ካርቶን በላ፣ ወላሂ በላ፣ እንደ ሰላይ! አንቆት እርጎ ሰጠሁት ትላለች። ሌላውን ለወንድሜ ስጪው አላት። ገዳሪፍ ከተማ ፈለገችህ፣ አጣች፣ ኻላስ፣ በቃ።»

እኔ ያን ጊዜ ካርቱም ነበርኩ።

የልጅ ተረት ነው ብዬ ልተወው ነበር። ሁለተኛ ማስረጃ ሳላገኝ ማመን ግን ልማዴ አይደለም፤ ሳላገኝ መካድም እንዲሁ። የእማዬን ደብዳቤዎች አወጣሁ። በሐምሌ 1970 ባስጻፈችው ላይ «ክብሮም ሆዱን ታሞብኝ ሳምንት ሙሉ ጠበል አመላለስኩት፤ ምን እንደበላ ቢጠየቅ አይናገርም» ትላለች። ይህን መስመር ያኔ አንብቤው አልፌዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ተጠርጣሪ አንድ ነው። በዚያ ዘመን የዘጠኝ ሰው ስም ከነፊርማው መዝግቦ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትቶ የሸሸው ማን ነው? ቢያገኙብህ ኖሮ ዛሬ የምጽፍለት ወንድም አይኖረኝም ነበር። ጓደኞቼን በምን እንደያዟቸው አላውቅም፤ በአንተ እጅ እንዳልሆነ ግን አውቄያለሁ።

አምጀድ ታሪኩን ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀና «የተበላ መጽሐፍ ማን ይገዛኛል? ውሰደው» ብሎ ሰጠኝ።

አንድ ነገር አሁንም አልገባኝም። ደብዳቤ በሚከፈትበት ዘመን ዝም ማለትህ ይገባኛል፤ ከዚያ ወዲህስ ለምን አልነገርከኝም? ምናልባት ስላልጠየቅሁህ ይሆናል። ምናልባትም ጥርጣሬዬን ከድምፄ ሰምተኸው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ይቅርታህን በወረቀት አልለምንም። ጥምቀት ሳይደርስ እመጣለሁ። ልትቀበለኝ ባትፈልግ ለመሲ ንገራት፤ ዝም ካልክ ግን መንገድ እጀምራለሁ።

መሠረትን በርቺ በላት፤ ላላወቅኋት የወንድሜ ሚስት አክብሮቴ ይድረሳት። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ከአጥራችን ጀርባ ከራሔል ወገን የቀረ ካለ መርዶውን አንተ አርዳ፤ ልጇ ዛሂራም ሰላም ብላለች በላቸው።

ወንድምህ ሰይፈሚካኤል
ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.