ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1979

እሁድ ይመጣል! ሰይድ ከሰርቪስ ወርዶ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ የነገረኝ ይኼንን ነው። ሚስተር ፒተር ከእረፍቱ እየተመለሰ ነው፤ ግን ሊሠራ አይደለም። ኮንትራቱ ስላለቀ ዕቃውን ሸክፎ ለመሄድ ነው። እሁድ ጠዋት እዚሁ ሆጤ፣ ቤታችን ድረስ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ይረከባል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያ ዕቃ ከነሐሴ ጀምሮ ሳሎኔን ወርሶታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ነጠላ ጣል እያደረግኩበት፣ ሰው በጠየቀ ቁጥር ሌላ ውሸት እየፈጠርኩ ሰለቸኝ። ሰይድ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ፈረንጁ ደግሞ አለቃው። የገዛ ቤቱን ኮምፒዩተር ከትንሽ ቴሌቪዥኑ ጋር "እስክመለስ ተማርበት" ብሎ ሲሰጠው ባሌ በደስታ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ግን ፈርሞ ነው የወሰደው። ዕቃው ያለ ቀረጥ የገባው ተመልሶ ሊወጣ ስለሆነ፣ ከአገር ሲወጣ እንደገባው መሆን አለበት። ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ። ከሣጥኑ አንድ ነገር ቢጎድል ተጠያቂው ሰይድ ነው። በዚህ ዘመን ተጠያቂ መሆን ምን እንደሆነ ለራሴ መጻፍ አያስፈልገኝም። አብሮት የሚሠራ ሰው አንድ መለኪያ መሣሪያ ጠፋበትና "አሻጥር ነው" ተብሎ ታሰረ። ሲፈታ አየሁት፤ ሸብቶ ነበር።

ስለዚህ ተቀምጠን መስተካከል ያለበትን አወጣን፦

ቁልፎቹ ላይ የተለጠፈው ፊደል ይነሣ። (የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ታይፕ ይመስላል ብዬ ሀ ሁ ሂን ከወረቀት ቆርጬ በኮላ! ቀኑን ሙሉ ፊደል አስተምሬ የማልጠግብ።)
ሰይድ የቀየረው የሽቦው ፕላግ ይመለስ። ዋናው የአዝራር ጣሳ ውስጥ ተገኝቷል፣ አልሐምዱሊላህ።
አቧራው ይወልወል።
ካሴቱ።

ማሽኑ ብቻውን ሲበራ የቴሌቪዥኑ መስኮት ባዶ ነው፤ ምንም አያውቅም። የሚሠራውን ሁሉ ከካሴት ነው የሚያነበው፣ በቴፕ በኩል። ካሴቱ ደግሞ ከተሠራበት ፋብሪካ አብሮት የመጣ፣ የራሱ የታተመ ጽሑፍ ያለው ነው። ሰይድ ሊያየው ሣጥኑን ከፈተ።

ካሴቱ የለም። አልጋ ሥር የለም፣ መሳቢያ ውስጥ የለም። እማየ ተኝተዋል፤ ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ

እማየ ዘንድ ተገኘ። እማየ የምላቸው አማቴን ነው፣ የሰይድን እናት። ካሴቱን በሻሽ ጠቅልለው ከልብሳቸው ሣጥን ሥር አስቀምጠውታል።

"ይኸ እኮ የወንድሜ ድምጥ ነው" አሉኝ።

በመስከረም ወንድማቸው ሸህ እንድሪስ ከገጠር መጥተው እኛ ዘንድ አድረው ነበር። ያን ቀን እኔ እህቴን ልጠይቅ ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፣ ሰይድ ተረኛ ነው። ሽማግሌው ድቤ አስይዘው መንዙማ ሲጀምሩ እማየ "ይኸማ መቀዳት አለበት" ብለው ተነሡ። ቴፑ እዚያው ከኮምፒዩተሩ ጎን ነው። ካሴት ፈለጉ፤ ከሣጥኑ አገኙ። ጽሑፉን አይተው የፈረንጅ ዘፈን ነው አሉ። ቴፑ አልቀዳም ሲላቸው አልደነገጡም፤ በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ወተፏቸው። ይኼን ሆጤ ውስጥ የማያውቅ ሴት የለችም። ስንቱ የተገዛ ዘፈን በዚህ ዘዴ መንዙማ ሆኗል! አንዱን ፊት ጨርሰው ገልብጠው ሁለተኛውንም ሞሉ።

ሸህ እንድሪስ በጥቅምት ሞቱ። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ መንገዱን ቆርጦት መርዶው ዘግይቶ ደረሰን፣ እማየ ለቀብር አልደረሱም። ሌላ የተቀዳ ድምፃቸው የለም።

ከፍቼ አዳመጥኩት። ሽማግሌው ሲስሉ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ የጎረቤት ሴቶች ይቀበላሉ፣ እማየ ከሁሉም ቀድመው እልል ይላሉ። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

ሰይድ ሲመጣ ነገርኩት። መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። እናቱን መቆጣት ስላልቻለ እኔን ተቆጣ፦ "አንቺ ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?" አስተምራለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ የፈረንጅ ዕቃ እጠብቃለሁ አልኩት። ተኮራረፍን።

ከእራት በኋላ ብድግ አለ። "ቆይ! ግልባጭ አውጥቼ ነበር!" መጀመሪያ ሰሞን ሲለማመድ ፕሮግራሙን ከማሽኑ ወደ ሌላ ካሴት መልሶ ቀድቶታል። የትኛው ካሴት ላይ? አያስታውስም። እጁ የገባው ላይ።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ካሴቶቹን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘረገፍን። ሰይድ ዛሬ ቀደም ብሎ ገብቷል። የፕሮግራሙ ድምፅ ብረት ሲፋቅ ይመስላል፣ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፤ እሱን ፍለጋ እያንዳንዱን ካሴት እያሮጥን ማዳመጥ ነው። ትዝታ፣ ዜና፣ የቁርኣን ቂርአት፣ የእኔ ተማሪዎች መዝሙር። ትዝታ።

ከዚያ ጮኸ! ቴፑ ቤቱን አናጋው። እኔ በደስታ እልል ልል ስል በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው ጥበቃ።

"ምንድነው ይኼ የሚጮኸው?"

"ቴፓችን ተበላሽቶ ነው" አልኩ።

አንገቱን አስግጎ ገባ። ቴሌቪዥኑን አየ፣ ሽቦዎቹን አየ፣ ቁልፎቹን አየ። "በዚህ ከማን ጋር ነው የምትገናኙት?" አለ ሰይድን። ሰይድ የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ የሒሳብ ማሽን ነው፣ አለ። እውነቱ የማይታመን ሲሆን እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ሰውየው "እናያለን" ብሎ ሄደ። ምኑን ነው የሚያየው? ለማን ነው የሚናገረው?

ሌላው ደግሞ፦ ፕሮግራሙ የተገኘው የሠርጋችን ካሴት ላይ ነው። ጓደኞቼ ሚዜዎቹን የሰደቡበት፣ ያ ሁሉ ሳቅ ያለበት ቦታ ላይ። አንዲት ጓደኛዬ "ሚዜው ጥርሱ..." ብላ ስትጀምር ያ ብረት መፋቅ ይመጣና ይውጣታል።

ሰይድን አየሁት። "አማራጭ አልነበረኝም" አለ። ካሴት ከጠፋ የሰኞ ገበያ ሰፈር ሱቅ ሞልቶ! የእናቱ ልጅ። ካሴቱ ካዳነን በኋላ እንጣላለን።

ሐሙስ

ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ቁልፎቹን በላምባ ስፈትግ ነበር። ሁሉም ለቀቀ፣ "ሰ" ብቻ ድርቅ አለች። በጥፍሬ ፋቅኳት። አሁን ዕቃው ላምባ ላምባ ይላል።

ከፋብሪካው ካሴት ጋር ግን ጉዳዩ አላለቀም። ሰይድ የሠርጉን ካሴት ድምፅ ከፍ ዝቅ እያደረገ ብዙ ከታገለ በኋላ ማሽኑ አንብቦለታል። ግን መመለስ ያለበት ጽሑፍ ያለው ዋናው ካሴት ነው፤ ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ተመልሶ መቀዳት አለበት። ሸህ እንድሪስ ላይ ማለት ነው።

እማየ አልሰጡም። "በሕይወቱ በቅጡ አልጠየቅሁት። ቀብሩ ላይ አልቆምኩ። ድምጡን ደግሞ በእጄ ላጥፋው?"

"በሌላ ካሴት እናስገለብጠዋለን፣ እማየ። ምንም አይጠፋም።"

"ግልባጩ እሱ አይደለም።"

ሰይድ አመለጠው፦ "እኔ ብታሰርስ?"

እንዲህ መባል አልነበረበትም። ሰይድም ወዲያው ቆጨው፣ ወጥቶ ደጅ ቆመ። እኔ ሻይ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም። ኋላ ላይ ነጠላቸውን አነሡና "ነይ ተነሺ፣ አብረን እንሂድ። ኸዓይኔ ግን አይጠፋም" አሉኝ።

ሰኞ ገበያ ጋሽ ተፈራ ሙዚቃ ቤት ሄድን። ጋሽ ተፈራ ክርስቲያን ነው፤ ግን ግማሹ ገበያው መንዙማ ነው። ካሴቱን ገና ጥቂት እንደሰማ ወደ መንገድ የዞረውን ድምፅ ማጉያ አጠፋ። "ሱቁ ዛሬ ለእርስዎ ነው፣ እናቴ" አለና በርጩማ ሰጣቸው። ሁለቱ ቴፖች ጎን ለጎን ሲዞሩ እማየ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተቀመጡ። ሰው እየገባ እየወጣ፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ሲያልቅ ጋሽ ተፈራ ሁለቱንም ሰጣቸው። ሁለቱንም ወሰዱ። ሁለቱንም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው።

አሁንም ዋናው ካሴት በእጃችን የለም።

ዓርብ፣ መውሊድ

ቤቱ ሞልቶ ዋለ። ኮምፒዩተሩን ከነቴሌቪዥኑ አልጋችን ሥር ገፋነው። እኔ ሥጋ እያወጣሁ፣ እንግዳ እያስተናገድኩ፣ ልቤ ግን ያ ሣጥን ጋ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ እማየ ቴፑን አስመጡና ግልባጩን አስገቡ። ግልባጭ መሆኑን ለማንም አልተናገሩም። የሸህ እንድሪስ ድምፅ ትንሽ ሳስቷል፤ እኔ ሰምቼዋለሁ፣ እሳቸውም ሰምተዋል። ሌላው ሰው ግን አልሰማም። አንዲት አሮጊት "መጣልን፣ መጣልን!" ብለው ተነሡ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ይቀበላሉ። ወንዶቹ ከወዲያ ክፍል ድቤ አነሡ። ቤታችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እማየ በዚያ መሀል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ጭኔ ላይ አንድ ነገር አኖሩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ወደ እኔ አያዩም፤ ሻሹ ውስጥ ያለው ዋናው ካሴት ነው።

የቀበሌው ጥበቃም መጣ! ደንግጬ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። እሱ ግን ተቀምጦ በላ፣ ተመረቀ፣ ሲወጣ "ቴፑ ተሠራላችሁ ማለት ነው" አለኝ። አዎ አልኩ፣ ተሠራ። ይኼ ይብቃው፣ ያረቢ።

ቅዳሜ

ሰይድ ፈቃድ ወስዶ ቀኑን ሙሉ ታገለ። ከሠርጉ ካሴት ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ዋናው ካሴት። ሁለቴ ከሸፈ፤ ድምፁ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። እሱ በተቆጣ ቁጥር እኔ "ቢስሚላህ በል" እለዋለሁ፤ እሱ "ብያለሁ!" ይላል። ከሰዓት በኋላ ተሳካ። ማሽኑን አጥፍቶ አብርቶ ከዋናው ካሴት አስነበበው፤ አነበበ! ተሳሳምን። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው።

ፕሮግራሙ አጭር ነው፣ የካሴቱን መጀመሪያ ብቻ ነው የያዘው። ቀሪው አሁንም ሸህ እንድሪስ ናቸው። ሰይድ ባዶ ቀድቶ ሊያጠፋው ቴፑን እንደጀመረ መብራት ሄደ።

መብራት! ዛሬ!

ተቀምጠን ጠበቅን፤ አልመጣም። "ጠዋት እንጨርሰዋለን" አለ። እንደ ወትሮው ቢሆን ፈረንጁ ረፋድ ላይ ነው የሚመጣው። ጠዋት እንዲቀዳልን ወረቀቱን ከቀዳዳዎቹ እንዳያወጣ አስጠንቅቄዋለሁ። እራት አልበላም። ሰሞኑን ምንም አልበላም፣ ሱሪው እየወረደበት ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 7

መብራቱ ጠዋት መጣ፤ ከመብራቱ ጋር የፋብሪካው መኪናም መጣች። ሚስተር ፒተር መንገድ እንዳይመሽበት ማልዶ ነው የተነሣው። ሰይድ ፊቱን እንኳ አልታጠበም። እኔ ወረቀቶቹን ከካሴቱ ቀዳዳ በመርፌ ለማውጣት ብቻ ጊዜ አገኘሁ።

ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ጥንቁቅ ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ አየ። ፕላጉን አየ። ቁልፎቹን ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ወደ እኔ ቀና አለና ፈገግ አለ። የላምባው ነገር! ከዚያ ሁሉንም አገናኝቶ ካሴቱን ከተተ። ማሽኑ ማንበብ ሲጀምር ቴፑ ከማሽኑ ጋር በሽቦ ስለተያያዘ ድምፅ አይሰማም፤ እኔ ግን የራሴን ልብ እሰማለሁ። ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዱዓ እያደረገ ነው።

የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ጽሑፉ መጣ። ሚስተር ፒተር "ጥሩ" አለ በአማርኛ። ዕቃውን ሊሸክፍ ሽቦውን ከቴፑ ነቀለ።

ቴፑ ግን አልቆመም ነበር። ሽቦው ሲነቀል ድምፁ ወደ ውጭ ወጣ፤ ሸህ እንድሪስ ሙሉ ድምፃቸውን ለቀቁት። ድቤው፣ ተቀባዮቹ፣ የእማየ እልልታ።

የሰይድ ፊት አመድ መሰለ፤ ሲፈልገው የሚያንበለብለው እንግሊዝኛ ጠፋበት። ፈረንጁ ቴፑን አየ፣ እኛን አየ። እማየ ከጓዳው በር ላይ ቆመዋል።

"ወንድሜ ነው በለው" አሉ።

ሰይድ ተንተባተበና ነገረው። ሁሉንም፣ ከነወረቀቱ፣ ከነሞቱ። ሚስተር ፒተር እያዳመጠ ቴፑን አላጠፋውም። ሽማግሌው አንዱን ጨርሰው ሲስሉ ነው ያቆመው። ካሴቱን አውጥቶ ወደ እማየ ሄደና በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። ይውሰዱት ማለቱ ነው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

እማየ ካሴቱን ተቀበሉ። በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። ከሣጥኑ አንድ ነገር ቢጎድልስ? ቦሌ ላይ ቢጠየቅስ? ሰውየው ቢምር ጉምሩክ ይምራል?

እማየ ወደ ሣጥኑ ሄዱ፣ ካሴቱን በገዛ እጃቸው ቦታው ላይ አኖሩና ክዳኑን ገጠሙት። "አይ" አሉት ፈረንጁን፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። "ልጄ የፈረመበት ነው። እንደገባው ይውጣ።"

ሰይድ ተርጉሞለት እንደሆነ አላውቅም። ሚስተር ፒተር ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፣ ብዕሩን አወጣና "በሙሉ ተረክቤአለሁ" የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። መኪናዋ አስፋልቱን ይዛ እስክትጠፋ ድረስ ደጅ ቆምን።

ስገባ እማየ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልቀመጥ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ሂጂ፣ ልጄን ቁርሱን አብዪው" አሉኝ። "ሰሞኑን እህል አልቀመሰም።"