እባክዎ ልጄን ወድቋል ይበሉልኝ

ለተከበሩ አቶ ቶሌራ
የ«እርምጃ በስልክ» ፕሮጀክት ኃላፊ
ሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 2007 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ ወደ አዲሱ ሕንጻ መዛወሩን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ወንበሩ እንዲመችዎ፣ ወገብዎንም እንዳያምዎ ከልቤ እመኛለሁ። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጋዜጣ ለማንበብ ግን ጊዜ አያጡም በሚል እምነት ይህን በአደባባይ ጽፌያለሁ።

እኔ ከኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ገርጂ የምኖር የስድሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ገብረየስ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ አብኔዘር ብቻ ነን። አብኔዘር ሃያ ስድስት ዓመቱ ሲሆን የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ፕሮጀክትዎ እንደ እሱ ላሉ ወጣቶች እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ሲያድል አንዱ ደረሰው።

ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና የእውነት ነው። ስልኩ በየጠዋቱ «አብኔዘር፣ ተነስ እንሂድ!» ሲለው፣ ስንት ዓመት የእኔን ልመና ያልሰማ ልጅ ጫማውን ራሱ ማጥለቅ ጀመረ። የተቆፋፈረውን መንገድና በጅምር ያሉትን ሕንጻዎች እያለፍን ወደ ሲኤምሲ አቅጣጫ ሄደን እንመለስ ነበር። አምስት ሺህ እርምጃ ሲሞላ ስልኩ ያጨበጭባል፤ እሱም መንገድ ዳር ቆሞ አብሮ ያጨበጭባል። በሰባት ወር ውስጥ ከመቶ አራት ኪሎ ወደ ዘጠና አንድ ወረደ። ሐኪሙ ስኳሩ እየተስተካከለ መሆኑን ሲነግረኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ እርስዎ አስመረቁት።

ቢሮዎ በቁጥር ያልቀረበ ጉዳይ እንደማይመለከት ስለተነገረኝ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ባለፈው ጥር የመጀመሪያው ዙር አለቀ ተብሎ፣ በሆቴል አዳራሽ ጥቁር ጋዋንና ቆብ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ሰጡት። ሰው ከመራመድ እንዴት እንደሚመረቅ ያን ቀን አልጠየቅሁም። እንዲያውም ከሁሉ የበለጠው እልልታ የእኔ ነበር፤ ጥፋቴን አምናለሁ።

2ኛ. በማግስቱ ስልኩ እንደወትሮው ጠራው። አብኔዘር ጋዋኑን እንደለበሰ አልጋው ላይ ተቀምጦ «ተመርቄያለሁ» ሲል መለሰለት። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ ስልኩ ይጠራል፣ እሱም ይህንኑ ይመልሳል። ክቡርነትዎ፣ በምን ማስረጃ ተሳስተሃል ልበለው? ታላቅ እህቱ ሄሊና ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ወዲህ ደብተር ስትገልጥ አይቷት አያውቅም። በዚህ ከተማ ተመርቆ እንደገና ሀ ብሎ የጀመረ ማንን ላሳየው? ነገሩ በደንብ የገባው እሱ ነው።

3ኛ. ሥልጠናው እንዳላለቀ የሚገልጽ ደብዳቤ እኔው ጽፌ አነበብኩለት። ማንበብ ባይችልም ማኅተም ያውቃል፤ ወረቀቱን ገልብጦ አየና ክቡን ነገር ሲያጣው መለሰልኝ። ኢምፔሪያል ጋ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ማኅተም የሚመስል ነገር እንዲሠሩልኝ ብለምን፣ እማማ ሊያሳስሩን ነው ብለው ሸኙኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ ፎርጅድ ፍለጋ እንድወጣ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

4ኛ. የቢሮዎ ባለሙያ ወይዘሪት ሀይሚ፣ አርባ ሁለቱም ሠልጣኞች መቶ በመቶ ተመርቀዋል ተብሎ ሪፖርት ስለተላከ፣ አሁን አንዱን ወድቋል ማለት እንደማይቻል በጨዋ ደንብ አስረድታኛለች። የልጄ እግር መቶ በመቶውን እንዳያጎድልባችሁ ለምታደርጉት ጥንቃቄ አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

አሁን ዘጠና ዘጠኝ ኪሎ ገብቷል። ስኳሩም ተመልሶ ወጥቷል። ሐኪሙ እስከ ሰኔ በዚሁ ከቀጠለ በየቀኑ መርፌ መወጋት ግድ እንደሚሆን ነግሮኛል። ባለፈው ደም ለመውሰድ ብቻ አራት ሰው ነው የያዘው፤ አንዱን ነርስ ነክሶ አድምቷል። እኔ በየማለዳው ብቻዬን በምን ጉልበቴ ልያዘው? ፈርቻለሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን ደብዳቤ ላሾፍብዎት ነበር የጀመርኩት፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ማሾፉም አቃተኝ።

ሌላ ስልክ አልጠየቅሁም፣ ሌላ ሥልጠናም አልጠየቅሁም። አንድ መስመር ይጻፉልኝ፦ አብኔዘር ገብረየስ ወድቋል፣ ነገ ጠዋት መራመዱን ይቀጥል። ከሥሩ ማኅተሙን ያሳርፉበት። ወደ ላይ የሚላከውን ሪፖርት አይንኩት፤ እኔ ለማንም አልናገርም። ልጇ እንዲወድቅላት ደጅ የምትጠና እናት አይተው ላያውቁ ይችላሉ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስብሰባዎ የሚያበቃበትን ቀን በታላቅ አክብሮት የምጠባበቅ፣

ከመቶ በመቶዎ የአንዱ እናት
የሻሽወርቅ ኃይለኪሮስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ግንቦት ለሚመረቁት የሁለተኛ ዙር ሠልጣኞች አብኔዘር በአርአያነት ተገኝቶ ልምዱን እንዲያካፍል የላኩለት የጥሪ ካርድ ደርሶናል፤ ስላከበሩን እናመሰግናለን። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ካርዱ ይገልጻል። አርአያዎ ደረጃ መውጣት ስላቃተው፣ ሊፍቱ የሚሠራበትን ሰዓት አስቀድመው ቢያሳውቁን።