ጠፍቷል ብዬ የማልኩበት ድምፅ

እኔ ሰፈርተኛው «ዶክተር» እያለ የሚጠራኝ ስልክ ጠጋኝ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ኩላሊቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህሩ ነው። በቀኜ ልብስ ሰፊዋ፣ በግራዬ ታናሽ እኅቷ ለምስክርነት ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ ግን አይተያዩም።

ሱቁን ከነመፍቻውና ከነማጉያ መነጽሩ ለልጄ ሰጥቻለሁ። ነገር ግን፣ ልጄ፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን «ያጠፋነው አይመለስም» የሚለውን ሰሌዳ ነገውኑ አውርደው። ጽሑፉን ያሳመርኩት እኔ ነኝ፤ እውነት መሆኑን አንድም ቀን አላረጋገጥኩም። የደንበኛን መክፈቻ ቁጥር ፕላስተር ላይ ጽፎ ከስልኩ ጀርባ የመለጠፍ ልማዴንም አትውረስ። «አባዬ፣ አሁን እንዲህ የሚሠራ የለም» ብለህ ስቀህብኛል፤ ባለፈው ወር ግን አንተም ስትለጥፍ አይቼሃለሁ። መሳቢያው ውስጥ የቀሩትን ሁሉ አቃጥላቸው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ልብስ ሰፊዋ አሮጌ ስልኳን በአዲስ ልትለውጥ መጣች። ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳጠፋላት አደራ አለችኝ። ወረፋው ረጅም ስለ ነበር ፎቶዎቹን ብቻ አጥፍቼ «ንጹሕ ነው» አልኳት፤ ስልኩንም ለሌላ ሰው ሸጥኩት። የድምፅ መልእክቶቹ እንዳሉ ነበሩ። አንደኛው ታናሽ እኅቷ ስለ ራሷ ሕመም እያለቀሰች የላከችላት ነበር። ገዢው አዳምጦ ለጓደኞቹ ላከው፤ በሳምንቱ ገበያው ሁሉ ሰማው።

ልብስ ሰፊዋ ጣቷ ላይ ያጠለቀችውን የስፌት ቆብ እንኳ ሳታወልቅ መጥታ «አጠፋሁት ብለኸኝ አልነበረም ወይ?» አለችኝ። ሽማግሌዎች ፊት ቀረብን። እኔም እጄን አንሥቼ «አጥፍቻለሁ፤ ራሷ ለሰው አሰምታ ይሆናል» ብዬ ማልኩ። ሰሌዳዬ እንዳይዋረድ ስል እርሷን አዋረድኳት። ታናሿ እኔን አምና እኅቷን ዘጋቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በሱቄ በር ሳይነጋገሩ ሲተላለፉ ባየሁ ቁጥር፣ አንገቴን ደፍቼ ያልተበላሸ ስልክ እፈታ ነበር።

የራሴን ስልክ ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ፤ መክፈቻ ቁጥሩን አንሥቼዋለሁ። አንቺ የልጄ እናት፣ ስልኬን ሁልጊዜ በግንባሩ ስለምደፋው ሌላ ሴት የያዝኩ መስሎሽ ስንት ቀን አኩርፈሽኛል። ሴትስ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ ናት። በየዓመቱ «እውነቱን ለእኅቴ ንገርልኝ» ብላ ትጽፍልኛለች። ዘጠኙንም አንብቤያለሁ፤ ለአንዱም አልመለስኩም። እነርሱን ለማጥፋት ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አንቺ ታናሿ፣ እኅትሽ አልከዳችሽም። ሁለታችሁንም የከዳሁት እኔ ነኝ። ማሩኝ ለማለት አፍራለሁ፤ ሳልናገር መሞትን ግን ፈራሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል፤ የእኔው ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ስልክ ጠጋኙ (ፊርማ)

ጸሐፊና ምስክር፦ መምህሩ (ፊርማ)

ምስክር፦ ልብስ ሰፊዋ (ፊርማ)። ሰምቻለሁ።

ምስክር፦ ታናሽ እኅቷ (ፊርማ)። ሰምቻለሁ። ስለ ምሕረቱ ገና አላሰብኩበትም። የፈረምኩት እኅቴ ባቀበለችኝ እስክሪብቶ ነው።