ከባሌ ጋር አብሮ የተዘጋው ፋይል

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ
(የየትኛው እንደሆኑ ራስዎ ያውቁታል)
ደባርቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ ደኅና እንዲሆኑ አላህን እለምናለሁ። ነሲባ እባላለሁ፤ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጥ የነበረው የሸሀቡ ባለቤት ነኝ። እርሱ ከሁለት ወር በፊት ወደ አኼራ ሄዷል።

አምና የንግዱ፣ የጤና መድኑና የውኃው ክፍሎች የየራሳቸውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ትተው በአንድ ሶፍትዌር እንዲጠቃለሉ መወሰንዎን በስብሰባ ሲያበስሩን፣ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ሸሀቡ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በእርሱም ስም አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሞቱን እንዳስመዘገብን በስሙ የነበረው የቤተሰብ ፋይል ባንዴ ስለተዘጋ አመሰግናለሁ። ድሮ የንግዱ ክፍል ቢሳሳት የመድኑ ክፍል አይሰማም ነበር፤ አሁን የሱቁ ፈቃድም፣ የልጃችን የሩመይሳ የመድን ካርድም አብረውት ሞቱ። ቅልጥፍናችሁ ግሩም ነው!

ሁለተኛ፣ ሩመይሳ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ኪኒኗን የምታገኘው በመድን ነበር። ሱቁ ፈቃድ የለውም ተብሎ ስለታሸገ በራሳችን ገንዘብ መግዛት አቃተን፤ ያለ ኪኒን ሰንብታ ደጃፋችን ላይ ወደቀች፣ ግንባሯም ተሰነጠቀ። ይህ በሶፍትዌሩ ላይ ስለማይታይ ሪፖርትዎን አያበላሽም።

ሦስተኛ፣ በእኛ ሃይማኖት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ዒዳ ይባላል። የድሮዎቹ ክፍሎች ወኪል ይቀበሉ ስለነበር ወንድሜን ሙሰዓብን ብልከው፣ አዲሷ የቤተሰብ ኃላፊ በአካል መጥታ አሻራ ካልሰጠች አንዱም አይከፈትም ተባለ። ሼሁ ለችግር ይፈቀዳል ቢሉኝ ወጣሁ። ኔትወርክ የለም፣ ነገ ነይ ተባልኩ። በማግስቱም እንዲሁ፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ለሸሀቡ በዚህ ዓለም የቀረኝ ነገር ቤቱ ተቀምጬ ማዘን ብቻ ነበር፤ እርሱንም በእርስዎ በር ላይ ተሰልፌ አጣሁት። እንዲያው ምን በደልናችሁ?

ባለቤቴ የሱቁንና የቤቱን ቁልፍ አንድ ላይ አያስርም ነበር፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው በር እንዳይዘጋበት። ለሦስት ሥራ ሦስት ፕሮግራም ቢቀርልን ምን ይጎድልባችሁ ነበር?

በፋይልዎ የማልገኝ፣ ከሰልፍዎ ግን የማልጠፋ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ታዛዥዎ ነሲባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካ የሚጠይቅ መልእክት በሸሀቡ ስልክ ላይ ደርሷል። መልስ የሚቀበለው ከቤተሰቡ ኃላፊ ብቻ ነው ስለሚል እኔ ልመልስ አልቻልኩም። ሙሰዓብ መቃብሩን ያሳይዎታል፤ እባክዎ በአካል ሄደው ይጠይቁት።