የእማማ ጠጅቱ ዲቪዲ

ይድረስ ለምንይችል፣ ለልጄ አባት፦

እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። የእንጅባራን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ መቃብርህ ላይ ሣሩ ለምልሟል። ሰብለ የወለቁት ጥርሶቿ በቅለዋል። ግትርነቷ ግን ያንተው ነው፤ እኔ የለሁበትም። በአንድ ነገር ብቻ አንጀቴን በላችው፤ የአባቴ ድምፅ ጠፋኝ አለችኝ። ምን ላሰማት? የሰውን ሁሉ ሰርግ ስትቀርጽ ኖረህ የራስህን አንዲት ቪዲዮ አልተውክልንም።

ቪዲዮ ቤታችንን አልዘጋሁትም። አሁን ሰው ሰርጉን በስልኩ ነው የሚያየው፤ እኔም ጉርድ ፎቶ እያተምኩ እውላለሁ። ኮምፒውተርህና ያ ከዳንግላ ገበያ ያመጣኸው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ከነቦታቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት እማማ ጠጅቱ እስኪመጡ ድረስ የነካቸው አልነበረም።

እማማ ጠጅቱ፣ ከግምጃ ቤት መንደር ወዲያ ያሉት፣ የትልቋን ልጃቸውን ሰርግ የቀረጽክላቸው። ፈረሰኞቹ ሙሽራውን አጅበው ሲመጡ ወደኋላ እየሄድክ ስትቀርጽ ጭቃ ውስጥ ዘጭ ያልክበት ሰርግ! ካሜራውን ከራስህ በላይ ይዘህ አተረፍከው። ሱሪህን ያጠብኩት እኔ ነኝና አልረሳውም።

ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ አረፉ። ቆመው ሲመርቁ የሚታዩት እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከመደጋገሙ ብዛት ተጫጭሮ ልክ ምርቃቱ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ትንሿ ልጃቸው ደግሞ እሑድ ልትዳር ነበር፤ አባቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም አለች። እማማ ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ጎሽ የኔ ብልህ! ሣጥንህን ስከፍተው ሦስተኛው ቅጂ ተቀምጧል። አንድ ለሙሽራው ቤት፣ አንድ ለሙሽሪት ቤት፣ አንድ ለመከራ ቀን ትል አልነበር? የመጨረሻዋን ቅጂ ከቤት ማስወጣት ነውር ነው ስለምትልም አዲስ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ስመለከት ቀላል መስሎኝ! ፋይሉን እንዳለ ገልብጬ በጥድፊያ ባዶ ዲስክ ላይ ጻፍሁት። ኮምፒውተሩ በደስታ አጫወተው፤ ክፉው የምትለው ማጫወቻህ ግን ዲስክ የለም ብሎ ተፋው። እማማ ፊታቸው ጥቁር አለ፤ እሳቸው ቤት ያለው የዚሁ ዓይነት ነዋ። ያኔ ነው ነገርህ ሁሉ የመጣልኝ። የቤት ማጫወቻ ፋይል አያውቅም፤ ቪዲዮው መጀመሪያ በዲቪዲ መልክ ይሠራለታል፤ በዝግታ ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ ዲስኩ ሌላ እንዳይጻፍበት ይዘጋል። እስኪያልቅ ድረስ ማውሱን እንዳትነካ እጆችህን ብብትህ ውስጥ ትደብቃቸው ነበር። እኔም እንዳንተ ደበቅሁ። መብራት እንዳይጠፋ ብቻ ስለት ተሳልኩ።

ሌላው ሰው ዲስኩን ሳያየው ሲሸጥ አንተ እያንዳንዱን ክፉው ላይ እስከ መጨረሻው ታየው ነበር። እሱ ከተቀበለው በአዊ ምድር የማይቀበለው ቤት የለም ትለኛለህ፤ እራትህ እየቀዘቀዘ እናደድብህ ነበር። የሠራኸው ተመልሶ መጥቶ የማያውቀው ለካ ለዚህ ነው።

አዲሱን አስገባሁት። ክፉው አጉረመረመ፣ ዘገየ፣ ከዚያ ተቀበለው። እልል አልኩ! አባትየው ቆመው መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ መረቁ። ሰርገኛው አሜን አለ። ከሁሉም በላይ፣ ለማይኩ ቅርብ ነህና፣ ያንተ አሜን ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ያን አሜን ቁረጠው፣ ሰው ይስቅብናል እያልኩ ስንቴ ነዘነዝኩህ! ምርቃት ሰምቶ አፍን መዝጋት ይከብደኛል ብለህ እምቢ አልክ። እንኳን እምቢ አልክ። ሰብለ ደብተሯን ጥላ መጣች፤ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። መልሰን መልሰን ሰማንህ። እማማ ጠጅቱም ለባላቸው፣ እኔም ለባሌ፣ አንድ ላይ አለቀስን።

እሑድ ሰርጉ ላይ ተጠርተን ሄድን። ሙሽሪት ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከከች። ዲስኩ አንዴም አልቆመም። ምርቃቱ ሲያልቅ ሰብለ ከሰው ሁሉ ቀድማ፣ ከሰው ሁሉ ጮክ ብላ፣ አሜን አለች። ሰው ዞሮ አያት፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም።

ሣጥንህ ውስጥ ያለውን ሰርግ ሁሉ እንዲሁ እያዘገምኩ አድሰዋለሁ፤ አንድም አሜን አልቆርጥብህም። ምርቃት ባለበት ሁሉ እኔና ልጅህ ባንተ ፈንታ ጮክ ብለን እንመልሳለን፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ሚስትህ፣ የሰብለ እናት