እንግዳ የተመለሰበት ደጅ

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ትጓደድ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ልጃችን እናና ቤትሽን ለመንገደኛ የማከራየቱን ሥራ መርቄ እንዳጸናላት ስለ ጠየቀችኝ ነው። ቤቱ የቆመው በእኔ ስም ቢሆንም የተከበረው በአንቺ እጅ ነውና፣ ቃል ከመስጠቴ በፊት የሆነውን ሁሉ ለአንቺ መንገር ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። በእነዚህ ሁለት ክረምቶች ብዙ ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ያየሁትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። አንገሽግሾኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ላውጋሽ። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባረ ቦቃ ናት። ውኃ ከምንጭ መቅዳት ቀርቶ ቦኖ መንደራችን ድረስ መጥቷል። በጓሮ የተከልሽው ጌሾ እስከ ዛሬ ለምለም ነው። እንግዳ ይተኛበት የነበረው መደብ ግን ፈርሷል። አንቺ በየበዓሉ እየለቀለቅሽ ታሳምሪው የነበረውን መደብ እናና በዶማ አስፈርሳ፣ በቦታው ሁለት የእንጨት አልጋ አስገባች፤ ነጭ አንሶላ አነጠፈች፤ ግድግዳው ላይም መስታወት ሰቀለች። ከደጃፉ በላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ምን እንደሚል ብጠይቃት «የእማዬ ቤት» ይላል አለችኝ። ስምሽን ትታ እናትነትሽን ሰቀለችው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎም ከውጭ አገር፣ ምንም ያልጎደላቸው ጤነኛ ሰዎች ይመጣሉ። የእግር ጉዞውን ሃይኪንግ ይሉታል። ከጣና ዳር ይነሣሉ፤ ሐይቁን ተከትለው፣ ተራራውን ዞረው፣ አስፋልቱን ትተው በየመንደሩ እያቋረጡ ፍኖተ ሰላም ይደርሳሉ፤ ከዚያም ቡሬን አልፈው የዓባይን በረሃ ከአፋፉ ላይ አይተው ይመለሳሉ። የሚሳለሙት ደብር የለም፤ የሚጠይቁት ዘመድ የለም፤ የሚሸጡት እህልም ሆነ የሚሟገቱበት ችሎት የለም። ለምን ትሄዳላችሁ ብትያቸው «ለመሄድ» ይሉሻል። መሄዱስ ይሁን። እኔን ያስገረመኝ ሻንጣቸው ነው። ሰዎቹ በእግር፣ ሻንጣቸው በባጃጅ! ጠዋት ባጃጁ ጭኖት በአስፋልቱ ይበራል፤ እነሱ ሲመሽ ሲደርሱ ሻንጣው ቀድሟቸው፣ እንደ ሹም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

ዐርብ ቀን ከደብሩ ቅጥር ሥር ተቀምጠው እንቁላል ይልጣሉ። ቅርፊቱን እዚያው፣ የጠጡበትን ፕላስቲክም እዚያው ይተዉታል። ከምንጩ በላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ስላገኘሁት ወረቀትና ወረቀቱ ስለሸፈነው ነገር ለአንቺ መጻፍ ነውር ነው፤ ለቀናት እህል አልወርድ ብሎኝ እንደ ነበር ብቻ ዕወቂልኝ። ሽማግሌዎች የተጣላ ከሚያስታርቁበት ዋርካ ግንድ ላይ ቢጫ ቀስት ተቀብቷል፤ ተጓዦቹ በየት በኩል እንደሚታጠፉ እንዲያዩበት። ሰዉስ ብትይ! አንቺ የምታውቂያቸው ሴቶች ዛሬ ወፍጮ ቤት አስፈጭተው ያመጡትን ዱቄት ትተው፣ ፎቶ የሚያነሣ ሲመጣ ከወፍጮ ድንጋይ ፊት ይንበረከካሉ። ፎቶው ሲያልቅ ተነሥተው ጉልበታቸውን ያራግፋሉ። የገዛ ድካሙን አስመስሎ የሚሸጥ ሕዝብ ሆንን።

ከሁሉ የሚኮሩበት ደግሞ መሪ የለንም ማለታቸው ነው። ስልካቸው ይመራቸዋል፤ ሰው አይጠይቁም። መንገድ መጠየቅ እኮ፣ ትጓደድ፣ አቅጣጫ ለማወቅ ብቻ አልነበረም። የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ «እንዴት ዋላችሁ» ይላል፤ የተጠየቀውም «ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በአገሩ ላይ ባዕድ አይደለም፤ ቢታመም የሚያነሣው፣ ቢሞት የሚቀብረው አግኝቷል። እነዚህ ግን ከሚያርም ገበሬ አጠገብ «ያበርታችሁ» ሳይሉ፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ ያልፋሉ። የጎረቤታችንን የአያ ደሴን ወንድም በቀበርንበት ዕለት አንዲት ተጓዥ ከለቅሶው ድንኳን ፊት ቆማ ስልኳን ወዲያና ወዲህ ስታዞር አየኋት። ነፍስ ይማር ልትል መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁላት። ለካ ድንኳኑ መንገዷን ዘግቶባት መዞሪያ እየፈለገች ነው። 

እኛም እኮ ሄደናል። በተጋባን በዓመቱ የጣናን ገዳም ልንሳለም በእግር ስንወርድ መራዊ ላይ መሽቶብን ከማናውቀው ደጅ ቆመን ተጣራን። የሙስሊም እህል ነጋዴ ቤት ነበር። ባልዬው «ግቡ፣ እደሩ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልጠየቀንም። ሚስቱ ገና የተወለደ ልጅ ታቅፋ ነበር። ጾመኞች መሆናችንን ሳንነግራት ዐውቃ፣ ከክርስቲያን ጎረቤቷ ድስትና ሽሮ ተውሳ አመጣችልሽ። እግራችንን ልታጥብ ስትጎነበስ «ኧረ ሕፃን ይዘሽ!» ብለሽ ከለከልሻት፤ እርሷ ግን ሳቀችና አጠበችን። በማግስቱ ሐይቁን ስታዪ ቆመሽ ቀረሽ፤ ከዚያም «ይህን ሁሉ ውኃ ማን ቀዳው?» አልሽ። እኔ ሳቅሁ። ከዚያ ጉዞ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀሩት ያ ሐይቅና ያ ቤት ናቸው። የሴቲቱን ስም አልጠየቅናትም።

ቤታችን እንደዚያ ቤት እንዲሆን ነበር አሳባችን፤ ሆነም። ወደ ነቀምት የሚወርዱ ነጋዴዎች ከነበቅሎዎቻቸው በዝናብ የገቡብንን ክረምት ታስታውሺዋለሽ። ያለውን እራት ሁሉ ለእነሱ አቅርበሽ፣ እናናን እንዳዘልሽ ቆመሽ ስታስተናግጂ አመሸሽ፤ እኛም ቆሎ ቆርጥመን አደርን። በማግስቱ በደብሩ አጸድ ሥር ሰው ሁሉ የአንቺን ስም ሲያነሣ ደረቴን ነፍቼ እንደ ሄድሁ አልሸሽግሽም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በረዶ ጣለ። ከሰርክ ጸሎት ስመለስ ከአያ ደሴ አጥር ሥር ሁለት ሰዎች ተለጥፈው አየሁ። ከአዲስ አበባ የመጡ ወንድምና እኅት ናቸው። ከራስ እስከ እግራቸው ርሰዋል፤ የልጅቱ ጥርስ ይንቀጫቀጫል።

«ስለምን ከቤት አልገባችሁም?» አልኋቸው።

«አባባ፣ ስልካችን ውኃ ገብቶበት ጠፋ፤ ካርታውም አብሮት ሄደ» አለ ልጁ። «የተያዘልን ቤት ወንዙ ማዶ ነበር። ወንዙ ደግሞ ሞልቷል።»

«ታዲያ ካገኛችሁት ቤት አትገቡም?»

ተያዩ። ልጅቱ ጣቷን ወደ ቤትሽ ቀሰረች።

«እዚያ ጠይቀን ነበር። ስማችሁ የለም ተባልን።»

ዘመኔን ሁሉ ከመጽሐፍ ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ያለ የሚዘገንን ቃል ግን አላነበብሁም። በዚያ ደጅ መነኩሴም ሽፍታም አድሮበታል፤ ስሙ የለም ተብሎ የተመለሰ አንድም ሰው አላውቅም። «ተከተሉኝ» አልሁ። ልጁ ወደ ኋላ አለና «አባባ ይቅርብን፤ ሴትዮዋ ይቆጡዎታል» አለኝ። «ሴትዮዋ ልጄ ናት» አልሁት። 

እናና ስታየን ደነገጠች። «አባዬ፣ አልጋው ተይዟል እኮ፤ ሰዎቹ ከፍለውበታል። ዝናቡ አዘግይቷቸው እንጂ ይመጣሉ» አለች። ኋላ ግን ልጅቱን ስታይ ራራችና ክፍሉን ልትከፍት ተነሣች። እኔ ከለከልኋት፤ እንግዳዬን በተሸጠ አልጋ ላይ አላስተኛም። ለልጅቱ የራሴን አልጋ ለቀቅሁላት፤ ለወንድሟና ለእኔ አጎዛ በቃን። እነዚያ የከፈሉት ፍኖተ ሰላም ላይ ቀርተው ኖሮ አልመጡም። ሁለቱ አልጋዎች ነጭ አንሶላቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳይተኛባቸው፣ እንደ ሬሳ ተገንዘው አደሩ።

«የእግር ውኃ አምጪ» አልኋት። አልተንቀሳቀሰችም። እኔው ተነሣሁ። ሳፋው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበርና ከምድጃው ኋላ ፈለግሁ፤ ከጓዳ ገብቼ ፈለግሁ። እርሷ እጇን አጣጥፋ ስፈልግ ታየኝ ነበር። ለሽበቴ አለማፈሯ ከሁሉ ይልቅ ቀፈፈኝ። አግኝቼ ውኃውን አሞቅሁና ጎንበስ ብዬ አጠብኋቸው። ልጁ «ኧረ አባባ፣ ኧረ በእመቤቴ፣ ነውር ነው!» እያለ እግሩን ይሸሽግብኝ ነበር። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተቃናም፤ ነገር ግን የአንቺን ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲነጋ ስልኩ ከምድጃው ዳር አድሮ ነፍስ ዘራ። ልጁም ጥቂት ነካካውና «አባባ፣ አምስት ኮከብ ሰጥቼዎታለሁ» አለኝ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው አስረዳኝ። ለካ ሰው ያደረበትን ቤት እንደ ተማሪ ፈተና ያርማል! «ኮከቡን ለፈጠረው መልስለት» አልሁት፤ «የዚህ ቤት እመቤት ሞታለች፤ ልትሰጠኝ ከወደድህ ነፍስ ይማር በልልኝ።» ልጁ ባርኔጣውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለ። ስምሽንም ጠየቀኝ። በቀያችን ካለፉት ከእነዚያ ሁሉ ተጓዦች አንድ ነገር የጠየቀኝ እርሱ ብቻ ነው።

እነርሱን ከሸኘሁ በኋላ እናናን ጠርቼ ከፊቴ አቆምኋት። ቡሬ ኮሌጅ ገብታ የተማረችው ይህንኑ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። በዚህ ሥራ የቤቱ ጣሪያ እንደ ታደሰ፣ እኔም የምበላው ከዚሁ እንደ ሆነ አልካድሁም። ነገር ግን ሰው በበረዶ ቆሞ ስሙ የለም ማለት ከሌብነት የከፋ እንደ ሆነ ነገርኋት። «ሥራሽን አልመርቅም» አልኋት። «ሰሌዳውን አውርጂ። አልጋዎቹን አውጥተሽ መደቡን መልሺ። የእናትሽ ደጅ የመጣውን ሁሉ በደስታ ይቀበል ነበር፤ ከእንግዲህም እንደዚያው ይሆናል።»

እናና በሕፃንነቷም ሆነ ካደገች በኋላ ቀና ብላ ፊቴን አይታ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት አየችኝ። ዓይኗ ደርቆ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ጥቂት ቃል መለሰችልኝና ላሚቱን ልታልብ ወጣች።

ትጓደድ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በጸሎቴ ስምሽን ሳላነሣ የማልፍበት ቀን እንደማይኖር ቃል እገባልሻለሁ። ዕድሜ ቢያስረሳኝ እንኳ ያስታውሱኝ ዘንድ ለካህናቱ ነግሬአለሁ። ሰሌዳው ግን እስከ ዛሬ እንደ ተሰቀለ ነው፤ እኔም አውርጂ ብዬ አልደገምሁላትም። ደጋግሜ ልቆጣ እነሣለሁ፤ ከአፌ ሳይወጣ ይቀራል። ያን የመለሰችልኝን ለነፍስ አባቴም አልነገርሁ፤ እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ልትዪ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። አንዲት ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እርስዎ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ አልሰሟትም። እማዬ ሲመሽ ሲመሽ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታይ ነበር። እንግዳ ናፍቃ እንዳይመስልዎ። ‹እመቤቴ ማርያም፣ ዛሬስ ማንም አይምጣብኝ፤ እግሬ አብጧል› ትል ነበር።»