በእግራቸው ላይ የወደቀው ፍም

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አደይ፣

ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርሽ። አባትሽ የዚያን ዕለት ፍሙ እንዳልተሰማቸው አውቅ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ስለ ዝናቡ አወራሁሽ።

ታስታውሻለሽ፤ ታቦቱ ወጥቶ፣ አባትሽ ከመሪጌቶቹ ጋር በባዶ እግራቸው ሲያሸበሽቡ ከዲያቆኑ የዕጣን ጽና ፍም እግራቸው ላይ ወደቀ። ቆዳቸው ጨሰ፤ እሳቸው ዜማቸውን አላቋረጡም። ሕዝቡ “በቅተዋል” አለ። ቤት ሲገቡ ግን፣

“ትንቢት፣ እኔ እኮ እሳቱን አላወቅሁትም። ስኳሩ ይሆን? ሐኪም ይየው” አሉኝ።

“ጸጋን ለሐኪም አያሳዩም፤ ዝም ይበሉ” ያልሁ እኔ ነኝ። በዓመቱ እግራቸው ተቆረጠ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

አሁን ስኳሩ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ብሄድ ነርሷ ማኅሌት ጫማዬን አስወለቀችኝ።

“እግሬን አያመኝም” አልኋት።

“ሳያምዎት ነው የምናየው፣ እማማ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲነካዎት ‘አዎ’ ይበሉ።”

የዓሣ መረብ ክር የመሰለች ቀጭን ናይለን ይዛለች። ምንም አልተሰማኝም። ግን እጇን ባነሣች ቁጥር አምባሯ ይንቃጨላል፤ ድምፁን እየተከተልሁ “አዎ፣ አዎ” አልሁ።

“እማማ፣ አሁን እኮ ጸጉሬን ነው ያስተካከልሁት!”

“እንግዲያ ነፋስ ይሆናል የነካኝ።”

ከልቧ ሳቀች። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝና ለሐሙስ ቀጠረችኝ።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። የሰጠችኝ ወረቀት ቀድሞ ከታወቀ እግር ይተርፋል ይላል። ፊደልን ከአንቺ ደብተር የለቀምሁ ሴት፣ ይህችን አንዲት መስመር ማለፍ አቃተኝ። የእኔ መደንዘዝ በሽታ ከሆነ የእሳቸውም በሽታ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ያየው ምን ነበር? ሁለቱም ይሆን? ግራ ገብቶኛል፣ ልጄ። ትናንት ከጓሮ ስመለስ አንዱ እግሬ ባዶውን ነበር። ነጠላ ጫማዬ መውለቁን ያወቅሁት ወደ ታች ሳይ ነው።

አንቺም ድሬዳዋ ሆነሽ ስኳርሽን ተለኪ። በምትረግጪው ሁሉ የአባትሽ አምላክ ይቅደምልሽ፤ እንደ እኔ ከመፍራትም ይሰውርሽ።

እናትሽ ትንቢት

ፖስታውን አላሸግሁትም። ወደ አንቺ ከመላኩ በፊት፣ ሐሙስ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ይህን ደብዳቤ ከእጄ ተቀብላ የምታነብበው ነርሷ ማኅሌት ናት።